አፉን የገጠመ ልጅ

ረቡዕ ማታ ነበር። ትሪው ላይ አንድ እንጀራ ተነጥፎ መሐሉ ላይ ሽሮ ፈስሷል፤ ዳር ዳሩን ቀይ ስር በድንች፣ ጎመንና ጥቂት ሰላጣ ቀርቧል። እናቴን ጨምሮ አምስት ሆነን ከብበናል። ያኔ 4 ዓመት የሆናት ልጄ ጎመኑ ከፊቷ መዋሉን እንዳየች የትሪውን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ ታዞር ጀመር፤ ሰላጣው ወደ እሷ፣ ጎመኑ ወደ አያቷ እስኪሄድ አዞረችው። መልሼ አዞርኩት። እሷም መልሳ አዞረችው። በሦስተኛው ትዕግሥቴ አለቀና ጎመኑን በእንጀራ ጠቅልዬ "በይ አፍሽን ክፈቺ" አልኳት። ከንፈሯን ጥርቅም አደረገችው። አገጯን ይዤ አስከፈትኳትና አስገባሁት። አልተፋችውም፤ አልዋጠችውምም። ጉንጯን ወጥራ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ እራቱ እስኪያልቅ ቁጭ አለች። ትሪው ተነሳ፤ እጅ ታጠብን፤ እሷንም አጥቤ፣ ልብሷን ቀይሬ አስተኛኋት። መብራት ላጠፋ ስል ፊቷን አየሁት። ጎመኑ አሁንም ጉንጯ ውስጥ ነበር።

እናቴ ይህን ሁሉ ዝም ብላ ስታይ ነው ያመሸችው። በማግሥቱ ጠዋት ቡና እያፈላች አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፦ "አንቺ ልጅ፣ ማታ ያደረግሽው ማጉረስ አይደለም፤ መጋት ነው።"

ይህ ምዕራፍ የተጻፈው ስለዚህ ልዩነት ነው። ሁለቱም ቃላት ከአንድ ሰው እጅ ወደ ሌላ ሰው አፍ ስለሚሄድ ምግብ ይናገራሉ። የሚጎርስ ሰው ግን አፉን የሚከፍተው ራሱ ነው፤ ይሽኮረመማል፣ "ይበቃኛል" ይላል፣ ደግሞም ይከፍታል። የሚጋት ግን የታመመ ከብት ወይም መድኃኒት እምቢ ያለ ሕፃን ነው፤ ሌላ ሰው መንጋጋውን ይዞ ያስከፍተዋል። እኔ በዚያች ማታ ልጄን እያጎረስኩ መስሎኝ ጋትኳት። ብዙዎቻችን ይህን በየቀኑ እናደርጋለን፤ የምናደርገውም ከፍቅርና ከሥጋት ነው። ስለዚህ ሥጋቱ ከየት እንደመጣ፣ ልጁስ ለምን አፉን እንደሚገጥም ከመሠረቱ ማየት ይገባል።

ዓመት የሞላው ልጅ ለምን ይቀንሳል

ልጅ ሲወለድ 3 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ዓመት ሲሞላው ክብደቱ 3 እጥፍ ሆኖ 9 ወይም 10 ኪሎ ይደርሳል። በሁለተኛው ዓመት ግን የሚጨምረው 2 ኪሎ ተኩል ቢሆን ነው። እስቲ በመጀመሪያው ዓመት ፍጥነት ይቀጥል ብለን እናስላ፤ ሁለተኛ ልደቱ ላይ 27 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ ይህም የ8 ወይም የ9 ዓመት ልጅ ክብደት ነው። ሰውነቱ ፍጥነቱን ስለቀነሰ አፉም ቀነሰ። ትናንት ገንፎውን አንድ ሳህን ይጨርስ የነበረ ልጅ ዛሬ በሦስት ማንኪያ ፊቱን ያዞራል።

ይህን የሚነግረን ስለሌለ ቤቱ ይታወካል። ጎረቤት "ዓይን በልቶት ነው" ይላል፤ አክስት "ጥርስ ሊያወጣ ነው" ትላለች፤ አያት ሆዱን ታሻለች። ልጁ ጤነኛ ነው፤ ይሮጣል፣ ይጫወታል፣ ክብደቱ በክትትል ካርዱ ላይ መስመሩን ጠብቆ ይጨምራል። እናት ግን የምታየው በሳህኑ ላይ የተረፈውን ነው።

ትንሽ ቆይቶ ሌላ ነገር ይጨመርበታል። ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ አብዛኞቹ ልጆች አዲስ ምግብን ይፈራሉ፤ ትናንት የበሉትንም መልኩ ወይም አቀራረቡ ከተለወጠ ይጠረጥራሉ። ሳይንቲስቶች ምክንያቱን ሲያስረዱ ወደ ጥንት ይወስዱናል። ሕፃን እናቱ ጀርባ ላይ ሳለ አፉ የሚገባውን የምትመርጥለት እሷ ነች። እግር አውጥቶ ብቻውን ከደጅ መውጣት ሲጀምር ግን ያገኘውን ቅጠል ሁሉ አፉ ቢከት ኖሮ አይተርፍም ነበር። በየአጥሩ ሥር የሚበቅለውን አስተናግርን አስቡ፤ አረንጓዴ ነው፣ ለምለም ነው፣ መርዝ ነው። የማያውቀውን አረንጓዴ ቅጠል "እምቢ" ያለ ልጅ ነው አድጎ ልጅ የወለደው። የእኛ ልጆች የነዚያ የልጅ ልጆች ናቸው። ልጄ ጎመኑን ገፍታ ትሪውን ስታዞር ቅብጠት መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ዕድሜዋ የሚያዛትን ነው ያደረገችው።

የጎመን ምሬት

አንዱ ልጅ ጎመኑን እየበላ ወንድሙ ለምን ያንገሸግሸዋል? ሁለቱም ከአንድ ማሕፀን ወጥተው፣ ከአንድ ድስት በልተው?

እ.ኤ.አ. በ1931 አርተር ፎክስ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ዱቄት ሲገለብጥ ጥቂቱ ቦነነ። አጠገቡ የነበረው ባልደረባው "መረረኝ" አለ። ፎክስ ግን አፉን ቢከፍት ምንም አልቀመሰም። ሁለቱም ተጠራጥረው ዱቄቱን ምላሳቸው ላይ አደረጉት፤ አሁንም ለአንዱ መራራ፣ ለሌላው ጣዕም የሌለው ሆነ። ከዚያ ቀን የተጀመረው ፍለጋ እ.ኤ.አ. በ2003 ፍሬ አፍርቶ ልዩነቱን በአብዛኛው የሚፈጥረው ጂን ተለየ። ይህ ጂን የሚለየው የምሬት ዓይነት በጎመን ዘሮች ሁሉ ውስጥ ካለው ምሬት ጋር ይዛመዳል፤ የሐበሻ ጎመንም፣ ጥቅል ጎመንም፣ አበባ ጎመንም ከዚሁ ወገን ናቸው። ስለዚህ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ጎመን ጎርሰው ሁለት የተለያየ ምግብ ሊቀምሱ ይችላሉ። በዚያ ላይ ልጆች ምሬት ከአዋቂ ይልቅ ይበረታባቸዋል። "ምንም አይልም፣ ብላ" የምንለው በራሳችን ምላስ ለክተን ነው።

እናቶቻችን ጂን ሳያውቁ መላውን ያውቁ ነበር። ጎመኑን በደንብ ቀቅለው ውሃውን ይደፉታል፤ የሚመረው ነገር ከፊሉ ከውሃው ጋር ይሄዳል። ቀጥለው በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በዘይት ያቁላሉታል፤ ፍስክ ከሆነ ንጥር ቅቤ ጠብ ያደርጉበታል። ጨው ምሬትን ምላስ ላይ ያፍናል፤ ቅቤው ደግሞ ያለሰልሰዋል። ከሁሉ የሚልቀው አይብ ነው። ደቆ የተከተፈ ጎመን ከአይብ ጋር ሲለወስ ምሬቱም ይሸፈናል፣ የጎመኑ ጭራም አፍ ውስጥ አይንዘላዘልም። ብዙ ልጆች "አልወድም" የሚሉት ጣዕሙን ሳይሆን ይህን መንዘላዘሉን ነው። የሚንሸራተት ባሚያ፣ የጓጎለ ሽሮ፣ ቅርፊቱ የተንሳፈፈ ቲማቲም ለእነሱ ትልቅ ጉዳይ ነው። እንግዲህ ልጁ "አልወድም" ሲል የመጀመሪያው ጥያቄ "ምኑን?" መሆን አለበት። በቂ ቃል የሌለው ልጅ እንኳ በጣቱ ያሳያችኋል።

ጣዕም የሚጀምረውም ከትሪው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የጁሊ ሜኔላና የባልደረቦቿ ጥናት አንዳንድ እናቶችን በእርግዝናቸው የመጨረሻ ወራት፣ ሌሎቹን በሚያጠቡበት ጊዜ የካሮት ጭማቂ እንዲጠጡ አደረገ። ልጆቻቸው ምግብ ሲጀምሩ በካሮት የተቀመመውን ገንፎ ካሮት ካልጠጡት እናቶች ልጆች ይልቅ ፊታቸውን ሳያጨፈግጉ ተቀበሉት። የእናት ምግብ መዓዛ ወደ ሽርት ውሃውም ወደ ጡት ወተቱም ያልፋል። አራስ ቤት አብሽ የምትጠጣ፣ በሚጥሚጣ ገንፎ የምትበላ እናት ልጇን ከወዲሁ ከቤቱ ወጥ ጋር እያስተዋወቀችው ነው።

"ጨርስ" ስንል

ወደ ሥጋቱ ልመለስ። ልጆቻችንን ለምን እንግታለን? ለእኔ መልሱ ቅርብ ነው። በ1977 ዓ.ም. በነበረው ረኃብ የተረፉ ሰዎች አሁን አያቶች ሆነው ከትሪው ዙሪያ ተቀምጠዋል። እህል መሬት ሲወድቅ አንስተን እየሳምን ነው ያደግነው። በዚህ አገር ልጅ ምግብ ሲገፋ ማየት ከቁጣ በፊት የሚቀሰቅሰው ፍርሃት ነው። ፍርሃቱም መሠረት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። ይህ ቁጥር የብዙ ቤቶችን እጦት ይናገራል፤ እኔ በምጽፍበት ጉዳይ ማለትም ምግቡ ቀርቦ ልጁ "አልፈልግም" በሚልበት ቤት ላይ ያለው ትርጉም ሌላ ነው። ግን የፍርሃቱ ምንጭ አንድ ስለሆነ ሁለቱ በእናት ልብ ውስጥ ይደባለቃሉ።

ችግሩ ማስገደድ የታሰበለትን ሥራ አለመሥራቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ይህን በቀላሉ አሳይቷል። መዋዕለ ሕፃናት ላሉ ልጆች ሁለት ዓይነት ሾርባ ለሳምንታት ቀረበላቸው፤ አንዱ የበቆሎ፣ ሌላው የዱባ። አንደኛውን ሾርባ ሲበሉ አጠገባቸው ያለችው ሴት በጨዋ አነጋገር "እባክህ ሾርባህን ጨርስ" ትላለች። ሌላውን ሲበሉ ምንም አትልም። ቁጣ የለም፣ አገጭ መያዝ የለም፣ አያ ጅቦ የለም። ልጆቹ ግን "ጨርስ" የተባሉትን ሾርባ ያነሰ በሉ፤ ስለ እሱም ብዙ ክፉ ነገር ተናገሩ። ዝም የተባሉበትን ሾርባ የበለጠ በሉት። አንድ ልስላሴ ያለው ቃል ይህን ካደረገ፣ የእኔ ጣት አገጯ ላይ ምን እንዳደረገ መገመት ይቻላል።

በሽልማት መደለልም ያው ነው። "ጎመኑን ከበላሽ ከረሜላ እሰጥሻለሁ" ስንላት ልጅ የምትሰማው "ጎመን ካሳ የሚከፈልበት መከራ ነው፤ ከረሜላ ደግሞ ካሳው ነው" የሚል ትምህርት ነው። ሊያን በርች የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1984 ባወጡት ጥናት ለሽልማት ሲባል የተጠጣ መጠጥ ከጊዜ በኋላ ይበልጥ እየተጠላ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ስልክ እያሳዩ ማብላት ደግሞ ዛሬ በየቤቱ የገባ ልማድ ነው። ልጁ ዓይኑ ካርቱን ላይ ሆኖ አፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ሳህኑም ባዶ ይሆናል። ምን እንደበላ አያውቅም። መጥገቡንም አያውቅም። ይህ በእኔ እይታ ያለ ለቅሶ የሚደረግ መጋት ነው።

ሌላው መንገድ እጅ መስጠት ነው። "ጎመን ካልወደድሽ ማካሮኒ ይቀቀልልሽ።" የቤቱ ትሪ እዚያ ማዶ፣ የልጁ ሳህን እዚህ ማዶ ይሆናል። ሰላም ይወርዳል፤ እውነት ነው። ከወር በኋላ ግን ልጁ የሚያውቃቸው ምግቦች ማካሮኒ፣ ዳቦ፣ ቺፕስና እንቁላል ብቻ ይሆናሉ። የማያየውን ምግብ አይለምድም። ውጭ አገር የሚኖሩ ቤተሰቦች ዘንድ ይህ ይብሳል፤ ትምህርት ቤትም፣ ሱፐር ማርኬቱም ለማካሮኒው ያግዛሉ፤ የእንጀራው ኮምጣጣነት ለልጁ እንግዳ ሆኖ ይቀራል፤ ወላጆች ደግሞ "ልጃችን የአገሩን ምግብ አይበላም" እያሉ ያዝናሉ። ብዙ ጊዜ እንጀራው ከፊቱ ስለማይቀርብ ነው።

አንድ ትሪ

እዚህ ላይ ያለን ሀብት ምን ያህል እንደሆነ ልናገር። ብዙ አገር ልጅ የራሱ ሳህን ይኖረዋል፤ ድርሻው ተቆርጦ ይሰጠዋል፤ የተረፈውም በግልጽ ይታያል፤ ስለዚህም ይቆጠራል። በእኛ ትሪ ላይ ግን ማን ስንት ጎረሰ ብሎ የሚቆጥር የለም። ምግቡ ሁሉ ከሁሉም ፊት ነው። ልጁ ጎመኑን ባይነካውም ያየዋል፣ ይሸተዋል፣ አባቱ ሲጎርሰው ይመለከታል፣ እህቱ "ይጣፍጣል" ስትል ይሰማል። ለመቅመስ ሲወስን ደግሞ እጁን ከመዘርጋት በቀር ምንም አይጠበቅበትም። ካልጣመውም ማንም አያይበትም።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ልጆች አንድን አዲስ ምግብ ለመቀበል ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 15 ጊዜ መቅመስ ያስፈልጋቸዋል። አብዛኞቹ ወላጆች 3 ወይም 4 ጊዜ ሞክረው "ይህ ልጅ ጎመን አይወድም" ብለው ይደመድማሉ። ልጁም ይህን እየሰማ ያድጋል፤ "እኔ ጎመን የማልወድ ነኝ" ይላል፤ እንደ ስሙ ይይዘዋል። እባካችሁ ልጁ እየሰማ ይህን አትበሉ። "ገና አልለመደውም" ማለት ይበቃል።

ሌሎች ሲበሉ ማየት ምን እንደሚያደርግ ያሳዩት እኚሁ ሊያን በርች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት ሥራ አንድን አትክልት የማይመርጥ ልጅ ያንኑ አትክልት ከሚወዱ እኩዮቹ ጋር ምሳ እንዲቀመጥ አደረጉ። ማንም ምንም አላለውም። ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ልጁ ራሱ ያንን አትክልት መምረጥ ጀመረ።

ከዚህ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ግን የበርበሬ ታሪክ ነው። ፖል ሮዚን የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቅ በሜክሲኮ ኦአካካ ግዛት በሚገኝ የገጠር መንደር ሰዎች የሚያቃጥል ቃሪያን እንዴት እንደሚለምዱ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1980 አሳትመዋል። ለሕፃናት ቃሪያ በግድ የሚሰጥ አልነበረም። ቃሪያው በየማዕዱ ይቀርባል፤ ታላላቆች ይበላሉ፤ ትንንሾቹ ያያሉ፤ በትንሹ ይቀምሳሉ፤ ከ5 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ወድደው ይበላሉ። በዚያው መንደር የሚኖሩ ውሾችና አሳማዎች ደግሞ ከሰዎቹ ትራፊ ጋር ቃሪያ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲበሉ ኖረዋል፤ ሆኖም የሚያቃጥልና የማያቃጥል ሲቀርብላቸው የማያቃጥለውን መረጡ። ልጁን ለቃሪያ ያበቃው የሚወዳቸው ሰዎች ሲበሉት ማየቱ ነው።

በየቤታችን ይህንኑ እናውቀዋለን። ለልጁ አልጫ እናቀርብለታለን፤ ቀይ ወጡ ከጎኑ ነው። አንድ ቀን "የእናንተን ስጡኝ" ይላል። "ያቃጥላል" እንለዋለን። ይለምናል። ጫፉን በእንጀራ ነክሮ ይቀምሳል፤ ዓይኑ እንባ ይሞላል፤ ውሃ ይጠጣል፤ በማግሥቱ ደግሞ ይጠይቃል። በርበሬ ብላ ተብሎ ቁጣ የደረሰበት ልጅ አላውቅም፤ አድጎ በርበሬ የማይበላም እምብዛም አላየሁም። ለጎመኑ ግን ይህን ትዕግሥት እንነፍገዋለን።

እንግዲህ በቤቴ የለወጥነው ይህን ነበር። በትሪው ላይ ልጄ እርግጠኛ ሆና የምትበላው አንድ ነገር ሁልጊዜ ይኖራል፤ እሷ ዘንድ ሽሮ ነው። ለብቻዋ የሚሠራ ነገር የለም። ጎመኑ ከፊቷ ሳይሆን ከእኔ ፊት፣ እጇ ሊደርስ በሚችልበት ይቀመጣል። "ቅመሺ" አይባልም። እኛ እንበላለን፤ እናወራለን። ጉርሻ ከፈለገች ትጠይቃለች፤ የምትፈልገውን ትነግረናለች። ቀምሳ ካልጣማት በሶፍት አውጥታ እንድታስቀምጥ ተፈቅዶላታል፤ ይህን አያቷ መጀመሪያ አልወደደችውም፤ ጎመን በጉንጭ ይዞ ከመተኛት ግን ይሻላል ብላ ተቀበለች። እራት የሚያልቅበት ሰዓት አለ፤ ትሪው ሲነሳ ይነሳል፤ በኋላ ብስኩት አይከተለውም።

የቤታችንን ሥርዓት በአጭር ቃል ያስቀመጡት ኤሊን ሳተር የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ናቸው፤ መጽሐፋቸው የወጣው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስናል፤ ይብላ አይብላ፣ ስንት ይብላ የሚለውን ልጁ ይወስናል። ይህ ለብዙ ኢትዮጵያዊ ወላጅ ልጅን ማባለግ መስሎ ይታያል። ወላጁ ከያዘው ነገር ስፋት ግን አስቡት፤ ገበያው፣ ድስቱ፣ ሰዓቱ፣ ትሪው ሁሉ በእጁ ነው። የልጁ የሆነችው የገዛ አፉ ብቻ ናት።

ልጅን ማመን እስከ የት እንደሚቻል የፈተኑት ክላራ ዴቪስ የሚባሉ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። ከእ.ኤ.አ. 1926 ጀምሮ ጡት የጣሉ 15 ሕፃናትን ለወራት፣ አንዳንዶቹንም ለዓመታት ተከታተሉ። 34 ዓይነት ምግብ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሥጋ፣ መቅኒ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ካሮት፣ ቀይ ስር፣ ፍራፍሬ፣ እህል። ነርሶቹ ሕፃኑ እጁን ወደ አንዱ ምግብ ካልዘረጋ በቀር ዝም ብለው እንዲቀመጡ ታዝዘው ነበር። የሕፃናቱ ምርጫ ከቀን ወደ ቀን የሚገርም ነበር፤ አንዱ አንድ ሰሞን እንቁላል፣ ሌላ ሰሞን ሙዝ አብዝቶ ይበላል። በወራት ሲደመር ግን ሁሉም ጤነኞች ሆነው አደጉ። ሪኬትስ የሚባል የአጥንት በሽታ የነበረበት አንድ ሕፃን ከአጠገቡ የተቀመጠውን የዓሣ ጉበት ዘይት አጥንቱ እስኪድን ድረስ እያሻው ሲጠጣ ቆይቶ በኋላ ተወው። ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1939 ሲጽፉ ምስጢሩ የምግቦቹ ዝርዝር ውስጥ እንዳለ አስረግጠው ተናግረዋል፤ ከ34ቱ ውስጥ ስኳርም፣ ጣፋጭም፣ የታሸገ ምግብም አልነበረም። ለልጁ ምርጫ የተተወው አዋቂው አስቀድሞ መርጦ ካቀረበው ውስጥ ነው።

ከትሪው በፊት የገባው

ብዙ ጊዜ "ምግብ አይበላም" የሚባል ልጅ ሲታይ ቀኑን ሙሉ የበላ ልጅ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመጣ ብስኩት፣ አሥር ሰዓት ላይ ሻይ በዳቦ፣ ከእራት በፊት ዝም እንዲል ጁስ። ሆዱ ትንሽ ነው፤ ሞልቷል። የላም ወተት በቀን ከግማሽ ሊትር ካለፈ የሌላውን ምግብ ቦታ ይይዛል፤ ብረት እምብዛም ስለሌለውም ወተት ብቻ የሚጠጣ ልጅ ደም ያንሰዋል። ሻይ ደግሞ ከምግብ ጋር ሲጠጣ በሽሮውና በምስሩ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። ከእራት በፊት ባለው ሁለት ሰዓት ውሃ ብቻ ቢሰጠው ምን ያህል እንደሚለወጥ እዩት።

በአጽዋማት ጊዜ የሚነሳ አንድ ጉዳይ አለ። ልጆች የሚጾሙት ከ7 ዓመት ጀምሮ ስለሆነ ከዚያ በታች ያለ ልጅ እንቁላሉንና ወተቱን ሊያጣ አይገባም። ነገር ግን ለብቻው ማድቤት ውስጥ አይብላ። እንቁላሉን ይዞ ከትሪው ይቅረብ፤ ሁዳዴ የአትክልትና የጥራጥሬ ወራት ነው፤ ምስሩ፣ ፎሶሊያው፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ሱፉ ሁሉ ከፊቱ ይሁን። ከአዋቂ ገበታ ርቆ የሚያልፍ ሁዳዴ ለልጁ የባከነ ትምህርት ነው።

የሐኪም ጉዳይ የሆነውን ሳልለይ ግን ይህን ምዕራፍ መዝጋት አልችልም። ክብደቱ የማይጨምር ወይም የሚቀንስ፣ ሲውጥ የሚያስለው ወይም ትን የሚለው፣ ሲበላ የሚያመው፣ ደጋግሞ የሚያስመልሰው፣ አፈር የሚበላ፣ ወይም የሚበላቸው ምግቦች በጣት የሚቆጠሩ ሆነው ከእነሱም ላይ እየቀነሰ የሚሄድ ልጅ ዕድሜው የሚያዘውን እያደረገ አይደለም። አፈር መብላት ብዙ ጊዜ የደም ማነስ ምልክት ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ በቁጣም በትዕግሥትም ቤት ማቆየት አይገባም፤ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ልጄ ጎመን የቀመሰችው በስንተኛው ሳምንት እንደሆነ አልቆጠርኩም። ወራት ወስዷል። ፍስክ ነበር፤ አይብ በጎመን ቀርቦ ነበር፤ አያቷ ለራሷ ስትጠቀልል ልጄ አፏን ከፈተች። እናቴ አጎረሰቻትና ወሬዋን ቀጠለች፤ ወደ እኔም አላየችም። ትንሽ ቆይታ ሁለተኛ ጠቅልላ "አንድ ጉርሻ ያጣላል" አለቻት። ልጄ ደግማ ከፈተች።

አሁን 9 ዓመቷ ነው። ጎመን በአይብም ያለ አይብም ትበላለች። ቀይ ስር ግን እስከ ዛሬ አልነካችም። ረቡዕና ዓርብ ትሪው ላይ ይቀርባል።